ቆማ የጠረዘች ሴት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታሰር ምን ያህል ይሆናል? በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ስማር ይህን ጥያቄ ከወፍራም መጻሕፍት ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ ደክሞኛል። ኋላ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ እዚያው ሳረጅ መልሱን ያገኘሁት መሰለኝ። አንድ ሰው ማለት ሁለት ጣት የሚወፍር ፋይል ነው፤ መጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤ፣ መጨረሻው የስንብት ደብዳቤ፣ መሀሉ ፈቃድና ምዘና። በዚህ መልስ ረክቼ ብዙ ዓመት ኖርኩ። መልሴን ያፈረሰችብኝ አንዲት መዝገብ ጠራዥ ናት። ስለ እሷ ለመጻፍ ጡረታ እስክወጣ፣ ከዚያም አልፎ ጉልበቴ እስኪከዳኝ መቆየቴ ራሱ ከጥፋቴ አንዱ ነው።

የምንሠራበት ቤት የፍርድ ቤት መዝገቦች የሚከማቹበት ነበር። የጥረዛው ክፍል ምድር ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ሁለት መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የብረት መጭመቂያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ወረቀት መቁረጫው። ስፌታቸው የተበጠሰ፣ ጠርዛቸው የተበላ መዝገቦች በጋሪ እየተገፉ ይመጣሉ። እሷ ትፈታቸዋለች፤ የተቀደደውን በስስ ወረቀት ትለጥፋለች፤ ቅጠሎቹን አንድ ላይ አደላድላ በወስፌ ትበሳና በሰም በታሸ ክር ትሰፋለች። ጀርባውን ሙጫ ቀብታ መጭመቂያው ውስጥ ታሳድረዋለች። ክሩን ስትስብ ክንዷ እስከ መጨረሻው ይዘረጋል፤ ከዚያ መልሳ ከደረቷ ታደርሰዋለች። አይቼ አልጠግበውም ነበር። እሷ የሰፋችው መዝገብ ከሌላው በዓይን ይለያል፤ ሲገለጥ ያለ ማንገራገር ይተኛል፣ ሲዘጋ አፉን ግጥም ያደርጋል።

ስትቀጠር የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። በጥረዛው ክፍል ከእሷ ሌላ የነበረው ቆራጩ ነው፤ ወረቀት መቁረጫውን የያዘ፣ ከእኔም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቀልዱን ሳይስቅ የሚቀልድ ሰው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት እንደ ማንኛውም ሰው በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሰፍታለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ክሩን እንደያዘች ብድግ አለች፤ ሆዷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስደግፋ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ቆማ መስፋቷን ቀጠለች። ይህን ያየው ቆራጩ ብቻ ነበር። ለእኔ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ሰኞ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ስትሰፋ ያያት ሰው የለም።

እኛም ስም አወጣንላት፤ «ዘብ» አልናት። ቆራጩ ነው የጀመረው። ጠዋት ሲገባ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ «ዘብ፣ ሰላም አደርሽ? ቤቱ ደህና ነው?» ይላታል። እሷም መርፌዋን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ ታደርግና፣ «ደህና ነው ጋሼ፣ ከአይጥ በቀር የገባ የለም» ትለዋለች። ሁላችንም እንስቃለን። ስሙ ከክፍሉ ወጥቶ መሥሪያ ቤቱን አዳረሰ። ጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ዘብ ይሏት ጀመር።

ሕመሙ ከእምብርቷ በታች፣ በሁለት ዳሌዎቿ መካከል ነበር። ይህን ለእኔ አልነገረችኝም፤ እንዴትስ ትንገረኝ? የነገረችው ለባለቤቴ ነው። ባለቤቴ አንድ የቤታችንን መጽሐፍ ልታስጠርዝ መጥታ ተዋወቁና ወዳጆች ሆኑ። ሲቀመጡ እንደሚብስ፣ ሽንት ሲይዝ እንደሚያቃጥል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳትነካው ተነሥቶ እስከ ጭኗ እንደሚወርድ ነገረቻት። ምን ይመስላል ብትላት፣ በገዛ ሥራዋ መሰለችላት።

«ሰፍተው ሲጨርሱ መርፌውን እዚያው የረሱት ይመስለኛል» አለቻት። «ዝም ብዬ ከቆምኩ ዝም ይላል። ከተቀመጥኩበት ይወጋኛል።»

ሐኪም አላጣችም። የመጀመሪያው ኢንፌክሽን ነው ብሎ ኪኒን ሰጣት፤ ሁለት ዙር ዋጠች። ሁለተኛው ስትወልጂ ይተውሻል አላት፤ ሴት ልጅ ወለደች፣ አልተዋትም። ሦስተኛዋ በአልትራሳውንድ አየቻትና ማህፀንሽም እንቁላል ማምረቻሽም ደህና ነው አለቻት። አራተኛው የጭንቀት ነው፣ ሐሳብ ቀንሺ ብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፈላት። አምስተኛው ሆዷን በትንሹ በስቶ በካሜራ ውስጧን አየ። እሱም እንደ ሌሎቹ፣ እንኳን ደስ አለሽ በሚል ድምፅ፣ ንጹሕ ነሽ አላት። ያን ቀን ባለቤቴ ጋ መጥታ መስኮቱን ተደግፋ ቆማ፣ «ንጹሕ ነሽ ሲሉኝ የምዋሽ ሆኜ ነው የምወጣው» ብላት ሄደች።

የሕመም ፈቃድ ቅጻችን ላይ «የሕመሙ ዓይነት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሐኪሙ ስም ካልጻፈ ፈቃዱ አያልፍም። ስም የሌለው ሕመም ስለነበራት ሌላ ስም ትበደርለት ነበር፤ አንድ ጊዜ የጨጓራ፣ አንድ ጊዜ የወገብ፣ አንድ ጊዜ ጉንፋን። አለቃዋ ስለሆንኩ እኔ እፈርማለሁ። ወንዶቹ «የሴት ነገር ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ሁላችንንም ያመናል እኮ፣ እሷን ምን ለየት አደረጋት ይላሉ። በሁለቱ መካከል እሷ ትሰፋለች።

ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካለፈበት ከተማ ሁሉ አንድ ነገር ይዞላት ይመጣ ነበር፤ የሚቀባ፣ የሚዋጥ፣ በሙቅ ውኃ የሚሞላ የላስቲክ ከረጢት። ኋላ ላይ ጉዞው አንድ አንድ ቀን እየረዘመ መጣ። አመመኝ ስትለው፣ «እሱንማ አውቃለሁ፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላት ጀመር። እሷ እንኳ ቀልድ ታደርገው ነበር። «እሱ ዕድሜውን ተቀምጦ ፈጀው፣ እኔ ቆሜ፤ የምንገናኘው ስንተኛ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን...» ትላለች ለባለቤቴ፤ ቀልዱን ጀምራ ጨርሳው አታውቅም። በየወሩ ጥቂት ቀን የነበራቸው ባልና ሚስትነት፣ እነዚያን ቀኖች እሷ ጥርሷን ነክሳ እሱ ደግሞ እንደ ጥፋተኛ ጣራ ጣራውን እያየ የሚያልፉት ሆነ። በመጨረሻ የተለየ አልጋ አነጠፉ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። ተኳርፈው ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር፤ ኩርፊያ ዕርቅ አለው።

ልጅቷ አድጋ፣ ተምራ፣ አስተማሪ ሆናለች። ከጥቂት ዓመት በፊት መንገድ ላይ አግኝታኝ ስለ እናቷ ስናወራ፣ ልጅ ሳለች የእናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ እንደማታውቅ ነገረችኝ። የጎረቤት ልጆች እናቶቻቸው ጭን ላይ ሲቀመጡ ታያለች፤ የእሷ እናት ግን ወይ ቆማለች ወይ በጎኗ ተኝታለች። «እናቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ጭን ያላቸውና የሌላቸው ብዬ ነበር የማስበው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እሷም ወዲያው ተወችው።

በዚያ ቤት ውስጥ ለእሷ የሚረባ ነገር የሠራ ሰው ቢኖር ቆራጩ ብቻ ነው። አንድ ቅዳሜ ለብቻው መጥቶ ከካርቶን ማስቀመጫው ሳንቃ አራት እኩል ጉማጅ ቆርጦ በጠረጴዛው አራት እግር ሥር አስገባ። ሰኞ ስትመጣ ጠረጴዛው ከክንዷ ጋር ልክ ሆኖ ጠበቃት። ከዚያ በፊት ጎንበስ ብላ ነበር የምትሰፋው። ማን እንደሠራው ስትጠይቅ፣ «ወለሉ ወርዶ ይሆናል» አላት። ምን እንደሚያማት ጠይቋት አያውቅም። ማወቅ አላስፈለገውም፤ ስትጎነብስ አይቷታል፣ በቃ። እኔ ዕውቀት ያለ ማስረጃ አይገኝም እያልኩ የተማርኩ ሰው፣ ከእሱ በአሥር እርምጃ ርቀት ላይ ባለ ቢሮ ተቀምጬ ያንን አላየሁም።

እኔ ያደረግሁት ሌላ ነው። አዲስ ወንበሮች የመጡ ጊዜ አንዱን፣ ጥሩ ድጋፍ ያለውን፣ አስይዤ ወደ ጥረዛ ክፍል ሄድኩ። ደስ ይላታል ብዬ ነው።

«ቁጭ በይ እስቲ፣ እግርሽ እስኪቀጥን መቆም ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ይቅርብኝ ጋሼ። ቆሜ ይሻለኛል።»

ቆራጩ ከጥግ ሆኖ፣ «አለቃ፣ ወንበሩን ለእኔ ይስጡኝ፤ እኔ ለሁለታችንም እቀመጣለሁ» አለ። ሳቅን፤ ወንበሩም ለእሱ ቀረ። እሷ ግን ስትስቅ እጇ ከሆዷ በታች እንደነበር አስታውሳለሁ። ያን ጊዜም አይቻለሁ ማለት ነው። የታየ ነገርና ልብ የተባለ ነገር አንድ አይደሉም።

በዚያው ዓመት የዓመቱን ምዘና ስሞላ፣ «ሌላ አስተያየት» በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «በሥራ ሰዓት ወንበር የማታውቅ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትሠራ፣ ለሌሎች ምሳሌ የምትሆን ታታሪ ሠራተኛ።» ዓረፍተ ነገሩን ወደድኩት። በሚቀጥለው ዓመት ደገምኩት፤ በሚቀጥለውም። አሥራ አንድ ዓመት ጻፍኩት። ባለቤቴ እውነቱን የነገረችኝ ገና በሁለተኛው ዓመት ላይ ነበር፤ ዘጠኙን ጊዜ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ለምን ብባል ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ ምስጋና እስከሆነ ድረስ ምን ይጎዳታል የሚል ነው። ሁለተኛውን ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ለሌላው ነገር ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም፣ እኔም ቦታ ለሌለው ነገር ቃል መፈለግ ታከተኝ።

በአርባ አንድ ዓመቷ ማህፀኗን አወጡላት። ሐኪሙ እርግጠኛ ሆኖ ሳይሆን፣ ሌላ የቀረ ነገር ስለሌለ ነው ያደረገው፤ ይህንንም አልደበቃትም። እሷ ለምና ነው የፈረመችው። ስድስት ሳምንት ተኝታ ተመለሰች። ቆራጩ ጠረጴዛዋን ጠርጎ፣ መርፌዎቿን በተርታ ሰክቶ ጠበቃት። ሁላችንም ተሰብስበን እንኳን ለዚህ አበቃሽ አልናት። በርጩማዋ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ የምንቆጥርላት ይመስል ሁላችንም አተኩረን አየናት። ጥቂት ቆይታ ተነሣች። ማንንም አላየችም። ክር ቆርጣ ሰም ታሽበት ጀመር። ያን ቀን ቆራጩ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ አንድ ቀልድ አልወጣውም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ስምንት ዓመታት ቆማ ሠራች። ሕመሙ አልተሻላትም፤ አልገደላትምም። አብራው መኖር ለመደች ማለት ይቀለኛል፤ ግን እሷ እንዲህ ብላ አታውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ሲለቁላት አመስግና አትቀመጥም፤ ሰው ኩሩ ናት ይላታል። ለቅሶ ቤት ገብታ ቶሎ ትወጣለች፤ ፍቅር የላትም ይሏታል። ይህን ሁሉ ትሰማለች። ማስረዳት ከሕመሙ በላይ የሚያደክም ሲሆን ሰው ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ደግሞ ደህና ነው ይባላል።

ከዚያ መዝገብ ሁሉ በማሽን ፎቶ እየተነሣ ኮምፒዩተር ውስጥ ይግባ የሚል መመሪያ መጣ። ቆራጩ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። የጥረዛው ክፍል ተዘጋ፤ መጭመቂያው ተሸጠ፤ ያ ከፍ ያለ ጠረጴዛም አብሮ ሄደ። እሷ ፎቶ የተነሣውን መዝገብ ቁጥር እያነበበች ኮምፒዩተር ላይ የምታስገባበት መደብ ተሰጣት፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለጡረታ ገና ነበረች።

ጠረጴዛው ከፍ እንዲልላት ለመነች። የንብረት ኃላፊው የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ዕቃ አይነካም አላት። ቆሞ የሚሠራ ሌላ ሥራ ጠየቀች፤ ጽዳትም ቢሆን አለች። የሕክምና ቦርድ ካልወሰነ አይሆንም ተባለች። ቦርዱ ፊት ቀረበች፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። የሐኪሞቹን ወረቀት አገላበጡ፤ ሁሉም ምንም አልተገኘም ይላል። ከዚያ የግል ፋይሏን ከፈቱ። ስንት ዓመት ነው ያመመሽ ብለው ጠየቋት፤ ሃያ ሁለት ዓመት አለች። ሰብሳቢው የእኔን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። ገልጦ የሌላውን ዓመት አነበበ። የሦስተኛውንም አነበበ።

«እናቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የታመመ ሰው እንዲህ ይጻፍለታል?» አላት።

«መቆሜ እኮ ነው ሕመሙ» አለች።

ከአባላቱ አንዱ፣ እኔስ በተቃራኒው መቆም ነው የሚያመኝ፣ ብንቀያየር ጥሩ ነበር ብሎ ቀለደ። ውሳኔው በሁለት መስመር ተጻፈ፤ የሚታይ የጤና ችግር የለባትም፣ በተመደበችበት ትሥራ።

ቦርዱ ከመወሰኑ በፊት ጥረዛ ክፍል ሳለች የቅርብ አለቃዋ ስለነበርኩ አስተያየቴን በጽሑፍ ጠይቆኝ ነበር። ይህን እዚህ ላይ ማስገባቴ ዘግይቶብኛል፤ ሳልፈልግ ነው የዘገየሁት ብል ግን እውነት አይሆንም። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ታማለች ብዬ ብጽፍ አሥራ አንድ ዓመት በፊርማዬ ያጸደቅሁት ሊገለበጥ ነው። ደግሞስ ምን አውቃለሁ? የሰው ሕመም ከሰውየው ውጭ ላለ አይታይም፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ እንዴት እፈርማለሁ? ይህን ክርክር ተማሪ ቤት ሳለሁ በጥሩ ውጤት አልፌበታለሁ። «በምዘናው ላይ ከተገለጸው የተለየ አስተያየት የለኝም» ብዬ ላክሁ።

አምስት ወር ተቀመጠች። ሹራቧን አጥፋ ታነጥፋለች፤ በአንድ ጎኗ፣ ከዚያ በሌላው ጎኗ ትሆናለች። መዝገብ ፍለጋ ብላ ትነሣለች፤ ሳያስፈልጋት ውኃ ልትቀዳ ትሄዳለች። የክፍሉ ወጣት ኃላፊ በመቀመጫዋ ላይ አትገኝም ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት። ከሰዓት በኋላ ፊቷ እንደ ወረቀት ይነጣል፤ ላብ ከግንባሯ ላይ በመሀረብ ትጠርጋለች። በኮሪደሩ ሳልፍ ይህን አያለሁ፤ እርምጃዬን ፈጠን አደርጋለሁ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ቁጭ በይ ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና እንደቆመች ቀረች። ስለ ቦርዱ የምትወቅሰኝ መስሎኝ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አልወቀሰችኝም፤ ልለምንዎት ነው የመጣሁት አለች። ለሥራው ከሆነ ውሳኔ ተሰጥቶበታል አልኳት።

«ሥራውንማ ትቼዋለሁ። ለፋይሌ ነው።»

ምዘናዎቹን ያውጡልኝ የምትል መሰለኝ። የተመዘገበ ሰነድ እንደማይወጣ ቀድሜ ነገርኳት። አይውጣ አለች፤ እንዲያውም ሲነበብ ደስ ይላል ብላ ፈገግ አለች፤ ከሥሩ አንድ ወረቀት እንድጨምርላት ብቻ ነው። ይህንኑ መጀመሪያ ሐኪሟን ለምናው፣ እንዲህ የሚባል ቅጽ የለንም ብሏታል። ቦርዱን ለምናው፣ እኛ ያገኘነውን እንጂ ያላገኘነውን አንጽፍም ብለዋታል። ሦስተኛው እኔ ነኝ። እኔም ሐኪም እንዳልሆንኩ፣ በማስረጃና በእምነት መካከል ልዩነት እንዳለ፣ የማላውቀውን መመስከር እንደማልችል ረጋ ብዬ፣ ረጅም ጊዜ ወስጄ አስረዳኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። አንድ እጇ የበሩ መቃን ላይ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላም ያንን ወረቀት አልጻፍኩም። ጡረታ እስክወጣ አራት ዓመት ነበረኝ፤ ፋይሉ ያለበትን መደርደሪያ አውቀዋለሁ፤ አንድ ቀንም እጄ አልሄደም። የጠየቀችኝ ይህን ነበር፤

«ጋሼ፣ ምክንያቱን ይወቁልኝ አላልኩም፤ ምክንያቱን እኔም አላውቀውም። "ያማታል፤ ምክንያቱ አልታወቀም" ብለው ይጻፉልኝ።»